ሳተላይት፣ ደራሽ ውሃና ድሬዳዋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ካርታና የሳተላይት ምስል ነው። ሰማዩ ከድሬዳዋ በላይ ባለው ዳገት፣ በደንገጎ በኩል በጠቆረ ቁጥር ጎረቤቶቼ ይጠይቁኛል። አንዱ ቡና ላይ ያነሳዋል፣ ሌላው ባጃጅ ውስጥ፣ ሌላው በቴሌግራም ይልክልኛል። ደጋግሞ የመጣውን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። የሐረር ሰዎችም ስለሚጠይቁኝ የእነሱንም ጨምሬያለሁ።

ሳተላይት የደቻቱን ጎርፍ ቀድሞ አይቶ ሊነግረን ይችላል?

ጎርፉን ራሱን? አይችልም። ይህን መጀመሪያ ላይ የምናገረው የተሳሳተ ተስፋ ሰው ስለሚገድል ነው።

ደቻቱን የድሬ ሰው ያውቀዋል። ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው። ከከዚራ ወደ መጋላ የሚሻገር ሰው ወንዝ መሆኑንም ይረሳዋል። ከዚያ ደጋው ላይ ይዘንባል። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል እዚያ ላይ ይዘንባል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከበላያችን ያለው ደጋ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ውሃው ያን ሁሉ ቁልቁለት በአጭር ርቀት ይጨርሰዋል። ደራሽ የምንለው ለዚህ ነው። ሲመጣ አይታይም፤ ደርሶ ነው የሚታየው።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። ሰው በተኛበት ሌሊት ውሃው ገባ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጡ። እዚህ ከተማ ከዚያ ሌሊት ጋር የሚያያዝ ስም የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል።

አሁን ወደ ሳተላይቱ እንምጣ። ሴንቲኔል-1 የሚባለው የአውሮፓውያን የራዳር ሳተላይት በ700 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራል። አንዱ ሳተላይት አንድን ቦታ በዚያው መስመር ላይ ሆኖ ደግሞ የሚያየው በ12 ቀን አንዴ ነው። ደራሹ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ መጥቶ ያልፋል። ሁለቱ የሚገጣጠሙት በዕድል ነው። ውሃ ሜዳ ላይ ለቀናት በሚተኛበት በታችኛው አዋሽ ወይም በጋምቤላ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የተኛው ውሃ በራዳር ምስል ላይ ጥቁር ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ታዲያ ምን ይጠቅመናል?

ከጎርፉ በፊት ባሉት ወራትና ዓመታት ይጠቅመናል። ደራሽን የምናሸንፈው በዚያ ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፣ መሬቱን። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ የአብዛኛውን ዓለም ከፍታ በራዳር ለካ። መረጃው ዛሬ በነጻ ይገኛል። በ30 ሜትር ልዩነት የእያንዳንዱን ኮረብታ ቁመት ይነግራችኋል። ከዚያ ላይ ተነስታችሁ ደጋው ላይ የወደቀ ጠብታ በየትኛው ገደል፣ በየትኛው ሸለቆ አድርጎ ደቻቱ እንደሚገባ መሳል ይቻላል። እኔ መጀመሪያ ስስለው ዝም ነው ያልኩት። በዓይናችን የማናውቃቸው ስንት ትናንሽ ሸለቆዎች አንድ ቦታ ላይ ተጠራቅመው ነው ወደ ከተማ የሚገቡት! ጎሮ የሚባለው ሌላው የከተማችን ወንዝም እንዲሁ ነው። ሁሉም ስለ ደቻቱ ያወራል እንጂ።

ሁለተኛ፣ ቤቶቹን። ጉግል ከሳተላይት ምስል ላይ የአፍሪካን ቤቶች በኮምፒውተር ለቅሞ ኦፕን ቢልዲንግስ በሚል ስም ለሁሉም ክፍት አድርጓል። በወንዙ ዳር ካለው መሬት ጋር ደርባችሁ ስታዩት ቆጠራ ሳያስፈልግ ስንት ቤት ለውሃው ቅርብ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የድሮና የአዲስ ምስል ብታስተያዩ ደግሞ ግንባታው ወደ አሸዋው በየዓመቱ ስንት እርምጃ እንደተጠጋ ይታያል። የሚያስጨንቀኝ ይኼ ነው። ውሃው ቦታውን አይረሳም።

ሦስተኛ፣ ደጋው ላይ ያለውን ልብስ። ሴንቲኔል-2 የሚባለው መሬትን በ10 ሜትር ዝርዝር ፎቶ ያነሳል። ሁለቱ ሳተላይቶች አብረው ሲሠሩ በየ5 ቀኑ ያልፋሉ። ተራራው ሲራቆት፣ እርከን ሲሠራ፣ ዛፍ ሲተከልና ሲደርቅ ይታያል። የተራቆተ ቁልቁለት ዝናቡን አይዝም፤ አፈሩን ጨምሮ ይልክልናል። አፈሩ ደግሞ ወንዙ ውስጥ ይተኛል፣ የወንዙን ወለል ከፍ ያደርጋል። ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ የተሠራው ግንብ ቁመቱ የሚለካው ከወለሉ ነው። ወለሉ ከፍ ሲል ግንቡ አጠረ ማለት ነው፣ አንድ ድንጋይ ሳይወድቅ።

ዝናቡንስ? ዳመናውን ያያል አይደል?

ያያል። ሜቲዮሳት የሚባለው ከምድር ወገብ በላይ ቆሞ አፍሪካን በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው ያነሳል። የዳመናው አናት በጣም ከቀዘቀዘ ዳመናው በጣም ከፍ ብሏል ማለት ነው፣ ኃይለኛ ዝናብ ሊሆን ይችላል። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ይህን እያዩ ነው ትንበያ የሚሰጡት።

የዝናቡን መጠን በሚሊ ሜትር የሚገምት ሌላ የሳተላይቶች ቅንጅት አለ። በየግማሽ ሰዓቱ፣ በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ይገምታል። ግን ፈጣኑ ውጤት የሚወጣው ከ4 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ደራሹ ይህን አይጠብቅም። በዚያ ላይ ተራራ ላይ የሚወርድን ዝናብ አሳንሶ የመገመት ችግር አለበት። ስለዚህ ደጋው ላይ ያለ አንድ የዝናብ መለኪያና አጠገቡ ያለ ስልክ የያዘ ሰው፣ ለዚያች ሌሊት ከየትኛውም ሳተላይት ይበልጣል። ሳተላይቱ ጥሩ የሚሆነው ለረጅሙ ታሪክ ነው። ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የዝናብ ግምት አለ። በየትኛው ወር፣ በየትኛው ሸለቆ ምን ያህል ሊጥል እንደሚችል ከዚያ ይሰላል። የድልድይና የካልቨርት (ከመንገድ ሥር ያለ የውሃ ማሳለፊያ) ስፋት መወሰን ያለበት በዚህ ነው።

ከሰማይ ሆኖ በሚሊ ሜትር ይለካል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ብዙ ሰው የማያምነኝም ይህን ስል ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ላስረዳ።

የራዳር ሳተላይት ፎቶ አያነሳም። ሞገድ ይልካል፣ መሬት ነክቶ ሲመለስ ይቀበላል። ለዚህ ፀሐይ አያስፈልገውም። ሌሊትም ያያል፣ በዳመና ውስጥም ያያል። የሴንቲኔል-1 ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሳተላይቱ ከ12 ቀን በኋላ ተመልሶ ያንኑ ድልድይ ሲያይ፣ የተመለሰው ሞገድ ከበፊቱ ጋር ይነጻጸራል። ድልድዩ በትንሹ ዝቅ ብሎ ከሆነ ሞገዱ ትንሽ ዘግይቶ ይመለሳል። ያ መዘግየት ነው የሚለካው። አንድ ምስል ብቻ ብዙ አይነግርም፤ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ራሱ ያሳስታል። ግን የሁለት ሦስት ዓመት ምስሎች ተደርድረው ሲታዩ ስህተቱ ይጣራል። በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሰምጥ ሕንጻ ተለይቶ ይወጣል።

ድክመቱንም ልንገራችሁ። ወደ ሳተላይቱ የሚቀርበውን ወይም የሚርቀውን እንቅስቃሴ ነው የሚያየው፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚንሸራተትን ነገር እምብዛም አያየውም። በእርሻና በጫካ ላይ ይደናገራል፣ ቅጠል ሁሌ ስለሚንቀሳቀስ። በድንገት ለሚሰበር ነገርም ምልክት አይሰጥም።

ድሬ ግን ለዚህ ትመቻለች። ደረቅ ነች፣ ድንጋያማ ነች፣ ቅጠሏ ትንሽ ነው። ሞገዱ ጥርት ብሎ ይመለሳል። የሚያስገርመው ደግሞ የደቻቱ አሸዋ ነው። ጎርፍ ሲያልፍበት አሸዋው ስለሚገለባበጥ፣ ከበፊቱና ከበኋላው ምስል መካከል መመሳሰሉ ይጠፋል። ግንቡና ቤቱ ሳይለወጡ አሸዋው ብቻ ሲለወጥ፣ ውሃው የት ድረስ እንደወጣ አሻራው ይቀራል። ሳተላይቱ ጎርፉን ባያየውም ዱካውን ያገኘዋል ማለት ነው።

ድልድይ ከመውደቁ በፊት በዚህ መንገድ የታወቀበት አጋጣሚ አለ?

ከወደቀ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰው ያዩበት አለ። ጣሊያን ውስጥ ጄኖቫ ከተማ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. የሞራንዲ ድልድይ ተደርምሶ 43 ሰው ሞተ። በዓመቱ አንድ የተመራማሪዎች ቡድን የድሮ የራዳር መረጃ አገላብጦ፣ ድልድዩ ከመውደቁ በፊት እንግዳ እንቅስቃሴ ነበረው አለ። ሌላ ቡድን ያንኑ መረጃ አይቶ፣ የለም፣ ይህን ያህል አይነግርም ብሎ ተከራከረ። እኔ ከዚህ የምወስደው ሳተላይት መሐንዲስን አይተካም የሚለውን ነው። መቶ ድልድይ ካላችሁና መሐንዲሱ አንድ ከሆነ፣ መጀመሪያ የትኛው ጋ ይሂድ የሚለውን ይመልስላችኋል። ለእኛ አገር ትልቁ ጥቅሙ ይኼ ይመስለኛል።

የፈንታሌው መሬት መንቀጥቀጥስ?

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬቱ ለወራት ተናወጠ። አንዳንዱ 6 ማግኒቲዩድ የሚጠጋ ነበር። አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነስተዋል። የሳተላይት ራዳር እዚያ የሠራውን ሥራ ማንም መሣሪያ መሬት ላይ ቆሞ ብቻውን አይሠራውም። ቅልጥ አለት ከሥር ገብቶ መሬቱን ሲሰነጥቀው፣ ላይኛው ገጽ የቱ ጋ እንዳበጠ፣ የቱ ጋ እንደሰመጠ በምስል ታየ። አፋር ውስጥ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ዳባሁ ላይ የሆነውም እንዲሁ ነበር። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው መሬት በቀናት ውስጥ ተከፈተ፤ ሰፊው ቦታ ላይ እስከ 8 ሜትር። ያን የለካው ሳተላይት ነው።

ድሬ ላይ ሆነን ይህ ለምን ይመለከተናል? መንገዳችንም ባቡራችንም በፈንታሌ ግርጌ፣ በመተሐራ ስለሚያልፍ ነው። እዚያ ሲናወጥ የእኛ ነዳጅና እህል ይናወጣል። ሐዲዱ ሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር ሲዛነፍ ሹፌሩ በዓይኑ አያየውም። ራዳሩ ግን በተከታታይ ቢታይ ያየዋል።

መተሐራ ጋ ያለው ሐይቅስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

በሰቃ ማለታችሁ ከሆነ፣ ሌላ ታሪክ ነው። ግን ሳተላይት ለምን እንደሚያስፈልግ በሰቃን ያህል የሚያሳይ የለም። ከስልሳና ሰባ ዓመት በፊት ጥቂት ስኩዌር ኪሎ ሜትር የነበረ ሐይቅ፣ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። መንገዱንና የድሮውን ሐዲድ ተጠግቶ ከፍ እንዲደረጉ አስገድዷል። ላንድሳት የሚባለው የአሜሪካ ሳተላይት ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምድርን ያነሳል፤ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ምስሉ በነጻ ነው። በየአሥር ዓመቱ አንድ ምስል ብትደረድሩ በሰቃ ሲያብጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ሐረር ላይስ ምን ያሳያል?

ሐረሮች የበሰቃን ተቃራኒ ያዩ ሰዎች ናቸው። የሐረማያ ሐይቅ ለከተማዋ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ገደማ ደረቀ። በላንድሳት ምስል ላይ ሰማያዊው ነጠብጣብ ዓመት በዓመት እያነሰ ሄዶ ቡናማ ሆኖ ቀረ። ይህ በአንድ ሌሊት አልሆነም። ቧንቧ ከመድረቁ ዓመታት በፊት ከላይ ይታይ ነበር። ከዓመታት በኋላ ውሃ ተመልሶ ታይቷል። የሐረር እናቶች ጀሪካን ይዘው ያሳለፏቸው ዓመታት ግን አይመለሱም።

ጀጎል ደግሞ ለራዳር ጥሩ ከተማ ነው። ግንቡ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቤቱ ድንጋይ ነው፣ ተጠጋግቷል። ሞገዱን በደንብ ይመልሳል። ከሥር የሚያንጠባጥብ ቧንቧ የድሮውን ግንብ ቀስ እያለ ሲያሰምጠው፣ ስንጥቁ ከመታየቱ በፊት መለየት ይቻላል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ከተማ ይህ ክትትል ይገባዋል።

የደንገጎ መንገድ ይናዳል?

ቁልቁል ነው፣ ተቆርጦ የተሠራ ነው፣ ዝናብ ይመታዋል። ስለዚህ መከታተል ግድ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው የሞተበት ሐዘን ሁላችንም ልብ ውስጥ አለ። ደንገጎ እንደ ጎፋ ነው አላልኩም፤ አለቱም አየሩም ይለያል። ራዳር ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ ዳገትን ይለያል። በአንድ ዶፍ የሚወርድን ናዳ ግን አይለይም። ስለዚህ በዝናብ ወቅት መንገዱን የሚያይ ሰው መኖር አለበት።

ኢትዮጵያ የራሷ ሳተላይት የላትም እንዴ?

ነበራት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1 የመጀመሪያዋ ነች፤ ትዕዛዝ የምትቀበለው ከእንጦጦ ነበር። ራዳር አልነበራትም፣ ፎቶ አንሺ ነበረች። ዛሬ ዋናው ችግራችን የሳተላይት እጥረት አይደለም። የአውሮፓውያኑ መረጃ ለማንም ክፍት ነው። ሐምሌ 30 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካና ሕንድ አብረው ኒሳር የሚባል የራዳር ሳተላይት አምጥቀዋል። የኒሳር ሞገድ ረጅም ስለሆነ፣ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በቅጠል ውስጥ አልፎ መሬቱን ያያል። የጫት ማሳ ለሞላበት የሐረርጌ ደጋ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚጎድለን ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው ነው።

ቤቴ ውስጥ ያየኛል?

አያይም። በሴንቲኔል-2 ምስል አንድ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ግቢያችሁ ከነቤቱ ጥቂት ነጥብ ቢሆን ነው።

እኔ ራሴ ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ዛሬ ማታ። ኮምፒውተር ካላችሁ ጉግል ኧርዝ ላይ የድሮ ምስሎችን የሚያሳየውን ሰዓት ተጫኑና ሰፈራችሁን ወደ ኋላ መልሱት። ኮፐርኒከስ ብራውዘር በሚባለው ድረ ገጽ የሴንቲኔልን ምስል በነጻ ታያላችሁ። ለመነሻ ስልክም ይበቃል። ጂኦግራፊ የምታስተምሩ መምህራን ይህን ክፍል ውስጥ አሳዩልኝ። ተማሪ የራሱን ሰፈር ከላይ ሲያይ ዝም አይልም፣ ይጠይቃል።

ከደቻቱ ዳር የምትኖሩ ደግሞ ሦስት ነገር እዩ። ቤታችሁና አሸዋው መካከል ስንት ሜትር አለ? ከአሥር ዓመት በፊትስ ስንት ነበር? ከቤታችሁ ተነስታችሁ ወደ ከፍታ የሚወስደው ቅርቡ መንገድ የትኛው ነው?

ማስጠንቀቂያ ቢወጣ እንዴት ይደርሰናል?

በጣም የምፈራው ጥያቄ ይኼ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ስልክ ተዘግቷል። መብራት ሊጠፋ ይችላል። ቴሌቪዥን የሚያይ የለም። የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ የቀበሌ ሞንታርቦ፣ የጥበቃ ፊሽካ፣ እነዚህ ናቸው በዚያ ሰዓት የሚሠሩት። ላይ ደጋው ላይ ላለ ሰው ደግሞ የታችኛው ሰው ስልክ ቁጥር ይዞ መቆየት ነው። እድሮች ይህን በአንድ ስብሰባ መጨረስ ይችላሉ፦ ላይ ማን ይደውላል፣ ታች ማን ያነሳል፣ ያነሳው ማንን ይቀሰቅሳል፣ መራመድ የማይችሉትን አዛውንት ማን ይሸከማል።

የሳተላይት ካርታው እዚህ ጋ ይገባል። የትኛው መንደር ቀድሞ እንደሚነካ፣ የትኛው መሻገሪያ ቀድሞ እንደሚዘጋ ያሳያል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀሰቀሰው ቤት ይታወቃል። ታትሞ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም። ወደ ከፍታ የሚወስደውን መንገድ ደግሞ ክረምት ሳይገባ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ቀዝቀዝ ሲል፣ ልጆቹን ይዛችሁ በእግር ሂዱበት። መብራት ሲጠፋ እግራቸው እንዲያውቀው።